ደወሉ በኒካኖራ ሳሎን ሲያልፍ

ታስኮ ከተማ ውስጥ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያወጣው ዳገት ከጥበቱ የተነሣ ድመት እንኳ ገብታ ሐሳቧን ብትቀይር በኋላ ማርሽ ነው የምትወጣው። ዶሚቲላ ደግሞ በሟች ባሏ የጭነት መኪና አዲሱን ደወል ጭና፣ ላይ መዞሪያ ስለሌለ በኋላ ማርሽ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ልትወጣ ነው። እስከ ቀትር ካላደረሰች መኪናውን ለባሏ ወንድም ለኢላሪዮን ልታስረክብ ሰው ፊት ቃል ገብታለች።

ከኋላ ቀይ ጨርቅ እያውለበለበ የሚመራት ዶን ክሬሴንሲዮ ነው። ሠላሳ ዓመት መኪና ሲመራ አንዴም «በቃ» ብሎ አያውቅም፤ ለሚመጣ ሰው «ቁም» ማለት ነውር ነው ባይ ነው። የከተማው መኪና ሁሉ ኋላው የተጨረማመተው በእሱ ጨዋነት ነው።

«ነይ፣ ነይ! ሜዳ ነው!»

«በርቺ! ግፊው!» አለ ሰፈሩ በየሰገነቱ።

ጓ! መታጠፊያው ላይ የመኪናው ኋላ ከአሮጊቷ ከዶኛ ኒካኖራ ትልቅ በር ጋር ተላተመ። መሪው አልዞር አለ።

«አለቀ» አለ በእግሩ የተከተላት ኢላሪዮን። «ውረጂ፣ ቁልፉን አምጪ።»

ዶሚቲላ ቀና ስትል ኒካኖራን ሰገነቷ ላይ አየቻት። ይህች ሴት አርባ ዓመት ሙሉ ላገኘችው ሁሉ «ቤቴ ቤትዎ ነው» ትላለች፤ ደጃፏን የረገጠ ግን የለም።

«ዶኛ ኒካኖራ፣ ይፈቅዱልኛል?»

ሰው ፊት ፈቃድ ለጠየቀ እንዴት እምቢ ይባላል? የአሮጊቷ አፍ ከጭንቅላቷ ቀደመ። «ይግቡ እንጂ፣ ቤትዎ ነው!»

«ሰምታችኋል! በሩን ክፈቱ!» አለች ዶሚቲላ ለሰፈሩ።

ሶፋው፣ በቀቀኑ፣ ሦስት የአያቶች ፎቶ በሰው እጅ ወጡ። «ነይ! ሳሎኑ ሰፊ ነው!» ይላል ክሬሴንሲዮ ምንጣፉ ላይ ቆሞ። መኪናው እስከ ጋቢናው ተዋጠ። የኒካኖራ ባል ከገበታው አልተነሣም፤ የጋቢናው መስኮት አፍንጫው ሥር ደርሷል።

«ይቅርታ ዶን፣ ይፈቅዱልኛል?»

«ይለፉ፣ ይለፉ» አለ፣ ትኩስ ቸኮሌቱን ፉት እያለ።

ዶሚቲላ መሪውን እስከ ጥጉ ጠመዘዘችው። ነዳጅ ረገጠች። መኪናው ከሳሎኑ ተወርውሮ በአፍንጫው ወደ ላይኛው ዳገት ዞረ፤ ሰፈሩ በእልልታ ፈነዳ! ሴቶቹ ድስት እየመቱ፣ ውሾቹ እየጮሁ ተከተሏት። ቀትር ሊሆን ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ፍሬን ያዘች፤ የጎማ መፍቻ አንሥታ ደወሉን ገና ሳይወርድ እንደ አገሩ የቀትር ደወል አሥራ ሁለቴ ደበደበችው። ጎረቤት ከተማ ድረስ ተሰማ ይላሉ፤ እኔ ከዚያም ያልፋል እላለሁ።

ኢላሪዮን ላብ በላብ ሆኖ ደረሰ።

«ሕዝቡ ረዳሽ እንጂ...»

«ና ወንድሜ፣ ደወሉን በዚያ በኩል አንሣ» አለችው ቁልፉን ኪሷ እየከተተች። «በርታ! ትችላለህ!»

አነሣ።