የአባቴ ሰባት ሰዓት

አባቴ ሰላሳ ዓመት ከባድ መኪና ነድቷል። ከቤት ሲወጣ የሚመለስበትን ሰዓት ለእናቴ ይነግራታል፤ እሷም በዚያችው ሰዓት የመታጠቢያ ውሃውን ታሞቃለች። እሱ ሳይመጣ ውሃው ቀዝቅዞ አያውቅም። በሌላ በሌላው እንደ ማንኛውም ሾፌር ያጋንናል፤ የተናገራት ሰዓት ግን መሬት ጠብ አትልም።

ሐኪሙ እናቴን ወደ ቤት ውሰዷት ካለን አራተኛ ቀኑ ነበር። የምትጠብቀው ውጭ አገር ያለውን ወንድሜን ብቻ ነው። ትኬቱን የቆረጥኩለት እኔ ነኝ፤ እንጀራዬም ይኸው ትኬት መሸጥ ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ደውሎ «ተሳፈርኩ» ሲለን፣ አባቴ ግድግዳው ላይ ባለው ካርታ ከአንዱ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ሌላው ክር ወጠረ።

«ስድስት ሺህ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር። በሰዓት ዘጠኝ መቶ ቢበር፣ ሰባት ሰዓት። በሰማይ ኬላ የለ፣ ጎማ አይፈነዳ። ስምንት ሰዓት ላይ እዚህ ነው» አላት።

በሁለቱ ከተሞች መካከል ቀጥታ በረራ የለም። ወንድሜ ሦስተኛ አገር ወርዶ አራት ሰዓት ይቀመጣል፤ ስልኩም እዚያ አይሠራለትም። ሁሉም ሲደመር አሥራ ሦስት ሰዓት ነው። ይህን ለማላውቀው ሰው በየቀኑ በመስኮት እናገራለሁ። ያን ቀን ግን ፈራሁና ዝም አልኩ።

አባቴ መድኃኒት ሊገዛ ሲወጣ እናቴ እጄን ያዘችኝ።

«ትኬቱን የቆረጥሽው አንቺ ነሽ። መንገዱ ስንት ሰዓት ነው?»

«አሥራ ሦስት፣ እማዬ።»

«አልደርስለትም» አለች። «ለአባትሽ እንዳትነግሪው።»

ስምንት ሰዓት ሲሆን አባቴ ሸሚዙን ቀይሮ፣ በሩን ከፍቶ ቆመ። እናቴ ከትራሷ ቀና ለማለት ሞከረች።

«መጣ?» አለችው።

«እየመጣ ነው። ትንሽ ነው የቀረው።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አረፈች። ስለ ሦስተኛው አገር ለአባቴ የነገርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ቤቱን ለጎረቤት ትተን፣ አውሮፕላን ማረፊያው መውጫ በር ላይ ቆምን። ወንድሜ አምስት ሰዓት ሙሉ እናቴ አለች ብሎ ተጉዟል። አባቴ ወለሉን እያየ አጉተመተመ።

«እኔ ነኝ ያታለልኳት። ሰባት ስላልኳት በሰባት ልክ አቅሟን ጨረሰች። አሥራ ሦስት ብላት ትቆጥበው ነበር።»

«ታውቅ ነበር፣ አባዬ። ጠዋት ጠይቃኝ ነግሬያታለሁ።»

ዞሮ አየኝ። «ታዲያ ስምንት ሰዓት ላይ መጣ ወይ ብላ ለምን ጠየቀችኝ?»

«ሰዓትህን ማመኗን እንድታይላት ነዋ።»

በሩ ተከፈተና ወንድሜ ሻንጣውን እየጎተተ ወጣ። ፊታችንን ሳያይ በፊት ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ።

«አንድ ደቂቃ አላሳለፍኩም» አለ። «ደረስኩላት አይደል?»

አባቴ ሻንጣውን ተቀብሎ ወንድሜን አቀፈው።