ኒታ ፌይ ጥርሷን የነከሰችበት እሑድ

ኒታ ፌይ ስትሪክላንድ የልጅ ልጇን ለማቀፍ ፈቃድ ያስፈልጋት ነበር። ፈቃዱን የምትሰጠው ደግሞ የገዛ ልጇ ራኔል ናት። ኒታ ፌይ ሶፋ ላይ ትቀመጣለች፣ ከጎኗ ሌላ ሰው ይቀመጣል፣ ከዚያ በኋላ ነው ሕፃኑ ዋይሊ ጭኗ ላይ የሚደረገው። ቆማ መያዝ የለም። ወደ ኩሽና ይዛው መሄድ የለም። ገላውን ማጠብማ ወሬውም አይነሳም። ልጆቿን ብቻዋን ያሳደገች፣ ግማሹን የመንደር ልጅ በትምህርት ቤት አውቶቡስ ስታመላልስ የኖረች ሴት «ቁጭ ካልሽ ትይዥዋለሽ» ስትባል ደሟ ቢፈላ ማን ይፈርድባታል?

ራኔልም ክፉ ሆና አይደለም። እናቷ ስትወድቅ አይታለች። የመጀመሪያው ዕለት ኒታ ፌይ ዕቃ እያጠበች ሳለ ላብ አጠመቃት፣ የማይገባ ነገር ቀባጠረች፣ ከዚያ ዓይኗ ተገልብጦ ወለሉ ላይ ተዘረረችና ትንፈራገጥ ጀመር። ራኔል ያኔ እርጉዝ ነበረች። እናቷን እንዲያ ያየች ልጅ ሕፃኗን እንዴት አምና ትስጣት?

ከዚያ ወዲህ መውደቁ ተደጋገመ። አውቶቡሱን ነጠቋት። መኪናዋ ደጅ ላይ ቆማ የጥድ ቅጠል ለበሰች። ይህን ሁሉ ቻለችው። የዋይሊን ግን አልቻለችውም።

ኒታ ፌይ ድሮ ወፍራም ነበረች። በኛ በአላባማ ገጠር ውፍረት ብርቅ አይደለም፤ እሷ ግን የአውቶቡሱ መሪ ሆዷን እየፋቀ ነበር የሚዞረው። ጉልበቷ አልሸከም ሲላት ጨጓራዋን አስቆረጠች። እንቁላል የምታህል አድርገው ሰፍተው፣ ከአንጀቷ ጋር በአቋራጭ አገናኝተው ሰደዷት። ዓመት ሳይሞላ ግማሽ ሰውነቷ ሄደ። ቤተ ክርስቲያን ስትገባ «ውይ ኒታ ፌይ፣ ሌላዋን የት ጣልሻት?» እያሉ ይሳሳቁ ነበር። መውደቅ ስትጀምር እነዚያው አፎች ተገለበጡ፤ «ፈጣሪ የሰጣትን ሆድ ቆርጣ ጥላ ምን ልትሆን ኖሯል?» አሉ። ሰው ሲባል እንዲህ ነው።

ሐኪሞቹ ደግሞ ባሱ። የቆረጣት ሐኪም «የኔ ስፌት እንከን አይወጣለትም፣ የነርቭ ሐኪም ጋ ይሂዱ» ብሎ ገፋት። የነርቭ ሐኪሙ ዶክተር ፔተንጊል ጭንቅላቷን በሽቦ ተብትቦ መረመራት፣ በማሽን አሳለፋት፣ ምንም አላገኘም።

«ጭንቅላትዎ ንጹሕ ነው» አላት። «ወድቀው በመጡ ቁጥር ደምዎን ለክተናል፤ ስኳርዎም ደህና ነው። እንዲህ ያለው ነገር አንዳንዴ ከውስጥ ጭንቀት ይመጣል። ከፍቺዎ በኋላ እንዴት ነበሩ?»

«ከፍቺዬ በኋላ ስደንስ ነበር፣ ዶክተር።»

«ከአባትዎ ጋርስ?»

«አባቴን ምን አመጣው? እኔ የምወድቀው ኩሽና ውስጥ ነው!»

ዶክተሩ ራሱን ነቀነቀ። ራኔል ዋይሊን ታቅፋ ከጎን ተቀምጣ ነበር። ሐኪሙ ወደ እሷ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገና «ምክንያቱ እስኪታወቅ ሕፃኑን ከእሳቸው ጋር ብቻውን አይተዉት» አላት። ኒታ ፌይ እዚያው ቁጭ ብላ እየሰማች!

እዚህ ላይ ስለ አገራችን አንድ ነገር ልናገር። በኛ ዘንድ ሰው ታመመ ከተባለ ባዶ እጁን የሚመጣ የለም። ኒታ ፌይ በወደቀች ቁጥር ደጇ በትሪ ይሞላል። የኮክ ኬክ፣ የሙዝ ፑዲንግ፣ በስኳር የተለወሰ ስኳር ድንች ይደረደራል። ጎረቤት ያመጣውን አለመብላት ደግሞ ስድብ ነው። መድኃኒታችን ጣፋጭ ሻይ ነው፤ በረዶ የተሞላ፣ ማንኪያ ቢያቆሙበት የሚቆም። ለሙቀት እሱ፣ ለሐዘን እሱ፣ ለራስ ምታት እሱ። ኒታ ፌይ ከመንፈራገጡ ገና ስትነቃ ራኔል ብርጭቆውን ከንፈሯ ላይ ታደርጋለች፤ «ጠጪ እማዬ፣ በሞቴ ጠጪ» ትላለች። አምቡላንሱ ከከተማ እስኪደርስ ኒታ ፌይ ተነስታ ቁጭ ብላ ሰውን እየተቆጣች ነው።

በመጨረሻ የቤተ ክርስቲያኑ ዓመታዊ በዓል ደረሰ። የራቀ ሁሉ የሚመለስበት፣ ከአምልኮው በኋላ ዛፍ ሥር ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቶ የሚበላበት እሑድ ነው። በዚያ ዕለት በዓመቱ የተወለዱ ሕፃናት እንዲባረኩ ወደ ፊት ይወጣሉ። የሚያወጣቸው የእናታቸው እናት ናት። ራኔልን ያወጣቻት የኒታ ፌይ እናት ነበረች፤ ኒታ ፌይንም አያቷ።

ጠዋት ራኔል መኪና ውስጥ አፏ ተሳሰረ።

«እማዬ፣ ዋይሊን… ሚስ ዊዳ ታውጣው ብለናል።»

ሚስ ዊዳ የራኔል ባል እናት ናት።

«ዊዳ?»

«መሠዊያው ጋ ደረጃ አለ። ብትወድቂስ?»

«ዊዳ ዓይኗ በቅጡ አያይም! ደረጃውን በዳሰሳ ነው የምትወጣው!»

«እማዬ፣ እባክሽ። ዶክተሩ ያለውን ሰምተሻል።»

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኒታ ፌይ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ዊዳ በአበባ ባርኔጣዋ ዋይሊን ስታወጣ አየች። ሰው «አሜን» ሲል አብራ አላለችም። የምትለው ሌላ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ዋጠችው።

ከዛፉ ሥር ደግሞ ዊዳ የኮክ ኬክ ቆልላ መጣች።

«ብዪ እንጂ የኔ እህት። ከስተሽ ከስተሽ ነው እንዲህ የሚጥልሽ። የሚበላ ሰው አይወድቅም። ዋይሊ ደግሞ እኔ ጋ ጸጥ አለ እኮ፣ አየሽው?»

«አየሁት» አለች ኒታ ፌይ። ሳህኑን ተቀብላ ጨረሰችው። በንዴት በላችው። ሹካውን ስትሰካ የዊዳን ባርኔጣ የምትወጋ ይመስላት ነበር።

መዝሙሩ ተዘመረ፣ ሽማግሎቹ የሞቱትን እየቆጠሩ አለቀሱ፣ ጠረጴዛው መነሳት ጀመረ። ያኔ ኒታ ፌይን ላብ አጠመቃት። እጇ ተንቀጠቀጠ። የሰው ፊት ሁሉ እየራቃት ሄደ።

«መጣባት! ሻይ አምጡ!» ብላ ጮኸች ዊዳ፤ ከሁሉ ቀድማም ብርጭቆ ይዛ ደረሰች።

ኒታ ፌይ የቀራትን አቅም ሰብስባ ጥርሷን ገጠመች። ብልሃት አስባ አልነበረም፤ ከዚያች ሴት እጅ ውሃም ቢሆን አልቀምስም ብላ ነው። ሻዩ በአገጯ ወርዶ የእሑድ ቀሚሷን አራሰው።

«እማዬ፣ ጠጪ! በሞቴ!» አለች ራኔል ተንበርክካ።

ኒታ ፌይ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ዓይኗ ተገለበጠ።

ያን ዕለት እንደ ሌላው ጊዜ አልነቃችም። ትረጋጋና መልሶ ይነሳባታል። ሴቶቹ ጸሎት ያዙ፤ ራኔል የእናቷን ጭንቅላት ጭኗ ላይ አድርጋ «እማዬ፣ እማዬ» ትላለች። አምቡላንሱ ሲደርስ ባለሙያው ጣቷን ወግቶ ለካ። መለኪያውን አየ፣ እንደገና ለካ።

«ስኳሯ ሃያ ስምንት ነው» አለ። «እንዴትስ በሕይወት አለች?» በደም ሥሯ ስኳር ሰጣት፤ መንፈራገጡም ቆመ።

በማግስቱ ሆስፒታል ውስጥ ዶክተር ፔተንጊል አልጋዋ አጠገብ ቆመ። ፊቱ የወትሮው አልነበረም።

«ምክንያቱን አግኝተናል» አለ። «ከእንዲህ ዓይነቱ ቀዶ ጥገና በኋላ ጣፋጭ ነገር ሲበሉ በአንዴ አንጀት ውስጥ ይፈስሳል። ሰውነት ደንግጦ ከልክ ያለፈ ኢንሱሊን ይለቃል፤ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ስኳሩን ጠርጎ ያወርደዋል። የሚጥልዎት እሱ ነው። አመጋገብ ይስተካከላል፣ መድኃኒትም አለው።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ስትለኩ የት ነበር?»

«እዚህ ሲደርሱ ሁልጊዜ ደህና ነበር…»

ራኔል ዋይሊን ታቅፋ መስኮቱ ጋ ቆማ ነበር። እጇ ወደ አፏ ሄደ።

«ሻይ አጠጣት ነበር» አለች። «እናንተ ሳትለኩ በፊት። ሁልጊዜ። እኔ ነኝ የደበቅሁት?»

«ሻዩ ስኳሩን ከፍ አድርጎ ለጊዜው ያነቃቸዋል» አለ ዶክተሩ ወለሉን እያየ። «መልሶ የሚጥላቸውም እሱ ነው።»

ራኔል ታለቅስ ጀመር። ኒታ ፌይ ልጇን አልተቆጣችም። ቁጣዋ ሁሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ነበር።

«አንተ ሰውዬ» አለች፤ አንቱታው ቀረ። «ስለ አባቴ ጠየቅኸኝ። ስለ ፍቺዬ ጠየቅኸኝ። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን እንኳ ‹ምን በላሽ፣ ምን ጠጣሽ› ብለኸኛል? ጨጓራው የተቆረጠን ሰው!»

«ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ሚስ ስትሪክላንድ። ልክ ነዎት።»

«ለኔ አይደለም! ለእሷ ንገራት። እናቷን እንድትፈራ ያስተማርካት አንተ ነህ።»

ዶክተሩ ወደ ራኔል ዞረ። «እናትዎ የአእምሮ ችግር የለባቸውም» አለ። «ተሳስተናል። አሁን ስኳራቸው ደህና ነው፤ ሕፃኑን ቢይዙ ምንም አያሰጋም።»

ኒታ ፌይ ብርድ ልብሱን ገፍፋ እግሯን ወለሉ ላይ አሳረፈች። ቆመች። ሁለት እጇን ዘረጋች።

ራኔል እንባዋን በትከሻዋ ጠርጋ ቀረበችና ዋይሊን ሰጠቻት። ሕፃኑ ሞቃት ነበር፣ ከባድ ነበር፤ አፉን ከፍቶ ያያታል። ኒታ ፌይ አንገቱን አሸተተችው። ትንሽ ቆይታ ነው ሕፃኑ ከታች መደገፉ የታወቃት። የራኔል እጅ ከሕፃኑ ሥር ተዘርግቶ ቀርቷል።

«እጅሽን አንሺ፣ ልጄ።»

«እሺ እማዬ» አለች ራኔል። «አውቃለሁ። ሰምቻለሁ።»

እጇን ግን አላነሳችም። ልታነሳ ፈልጋ ነበር፤ ጣቶቿ እምቢ አሏት።

ኒታ ፌይ ያን እጅ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ ሐኪሙን አየችው።

«አየህ?» አለችው።