የወፍጮ ቤቱ አገረ ገዥ

የእድሩ ዳኛ አቶ መርሻ ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ድንኳኑ ጸጥ እስኪል ጠበቁና ንፍሮው ጨው እንዳነሰው ለሕዝቡ አስታወቁ። ለቀስተኛው በሐዘን ራሱን ነቀነቀ።

ተናኜ ፍራሹ ላይ የባሏን የሥራ ኮፍያ ታቅፋ ተቀምጣለች። ዓይኗ ያረፈው ምሰሶው ላይ ነው። የሟች ፎቶግራፍ በሚሰቀልበት ቦታ ደረቱን ኒሻን የሞላው፣ ጢሙን ወደ ላይ የጠቀለለ ፈረንጅ ተሰቅሏል። ወፍጮ ፈጪው ባሏ ጉርሙ ፎቶ ተነሥቶ አያውቅም፤ መርሻ ደግሞ ያለ ፎቶ ልቅሶ የአሰላን ሰው ያሰድባል ብለው ሥዕሉን ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ አስነቅለው አመጡት።

ሥዕሉን የሰጠው የስንዴ እርሻ ሊያስተምር የመጣው ስዊድናዊ፣ ሚስተር ሊንድ ነው። ቅድመ አያቴ ናቸው፣ ከመቶ ዓመት በፊት በአገራችን የንጉሡ አገረ ገዥ ነበሩ አለ እንጂ ሌላ አልተናገረም። የቀረውን የተረከው ጉርሙ ነው። አገረ ገዥው በፈረሰኝነት ጀመሩ፤ ንጉሡ ጦር ሜዳ አይተው ሾሟቸው፤ ሲሻሩ ሕዝቡ መንገድ ላይ ተኝቶ አላሳልፍም አለ። ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ ጠብ በተነሣ ቁጥር ጉርሙ ሞተሩን ያጠፋና ወደ ሥዕሉ ቀና ብሎ፣ «እሳቸውም ይኸው ገጥሟቸው ነበር» ይላል። የኢተያ ነጋዴ አህያ የጎረቤታቸውን የዙቤዳን ስንዴ የበላ ጊዜ፣ አህያው እስከ መስቀል የዙቤዳን እህል ይሸከም ብለው አገረ ገዥው ቀድመው ፈርደው ተገኙ። ነጋዴው እያጉረመረመ አህያውን ሰጠ።

ማታ ቤት ሲገባ ተናኜ ከፀጉሩ ዱቄት ታራግፍለታለች። ያኔ የቀኑን ጠብ ያወራትና፣ «አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ?» ይላታል። አንድ ጊዜ፣ ለምን በራስህ ስም አትፈርድም አለችው።

«የጉርሙን ፍርድ ይግባኝ ይሉበታል። ኒሻን ባለው ሰው ላይ ማን ይግባኝ ይላል? ብቻ ከአፍሽ እንዳይወጣ።»

አልወጣም። አሁን ግን መርሻ የሕይወት ታሪኩን ሲያነቡ ሟች የታላቁ አገረ ገዥ አፍ ነበሩ አሉ። ባሏ የሰው አፍ ሆኖ ሊቀር ነው። መርሻ የአገረ ገዥውን መጽሐፍ አዲስ አበባ ማንበባቸውንም ጨመሩ። አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው እሱ ሁለተኛውን ቅጽ እንዳነበበ ተናገረ።

ከሰዓት ሚስተር ሊንድ መርዶውን ሰምቶ ከአቦምሳ ደረሰ። ተናኜን እግዜር ያጥናሽ ብሎ ሳይቀመጥ፣ መርሻ ስለ ቅድመ አያቱ ፍርድ፣ በተለይም ስለ አህያው፣ ለሕዝቡ ቃሉን እንዲሰጥ ለመኑት።

ሰውየው ሥዕሉን አየ፤ መርሻንም አየ። ቃል እየመረጠ፣ ቅድመ አያቱ የገዙት አንድ ክረምት ብቻ እንደሆነ ነገራቸው። ድልድይ የት እንደሚሠራ መወሰን አቅቷቸው ንጉሡ ሻሯቸው፤ ከዚያ ወዲያ ቢራቢሮ ሲሰበስቡ ኖሩ። ኒሻኑም የአባታቸው ነበር።

«አህያው ግን…» ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኛ አካባቢ አህያ የለም።»

ንፍሮ የሚያኝክ ጠፋ። ሁለተኛውን ቅጽ ያነበበው ሰው ጫማውን መመርመር ያዘ።

«ታዲያ የእኔን ነገር ማን ፈረደው?» አለች ዙቤዳ። ወደ ተናኜ ዞረች፤ መልሱን ፊቷ ላይ አየችው። «ወላሂ፣ ጉርሙ! የኔ ጉድ!» እያለቀሰች ሣቀች።

ከዳር አንድ ገበሬ ጋቢውን ሰብስቦ ተነሣ። ከጎኑ ያለውም ተከተለው። ከዚያ ድንኳኑ ሙሉ፣ አህያ የተፈረደለትም የተፈረደበትም፣ ለጉርሙ ቆመ። መርሻ ቀድመው ቆመው ስለነበር የሚነሡበት አጡ።

ተናኜ ወደ ምሰሶው ሄደች። ሥዕሉን አውርዳ ለሊንድ አስታቀፈችው፤ በባዶው ምስማር ላይ ኮፍያውን ሰቀለች። ነካ ስታደርገው ዱቄት በጥቁር ልብሷ ላይ በነነ።

አላራገፈችውም።