ከገጽ የተረፉ ሦስት መስመሮች

መሥሪያ ቤት ውስጥ «አንድ ገጽ» ነው የሚሉት። ቅጽል ስሙን ያወጡለት የጤና መምሪያው ኃላፊ ናቸው። ኃላፊዋ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ጠረጴዛቸው ላይ የሚከመረው ወረቀት ግን መቀመጫ መቆሚያ አሳጥቷቸዋል። ከዩኒቨርሲቲ የሚመጣው ጥናት ደግሞ መቶ ሃያ፣ መቶ ሃምሳ ገጽ ነው። «ሁለተኛው ገጽ ላይ እንቅልፌ ይመጣል» ይላሉ ሳይደብቁ። እሱ ያን ሁሉ ያነብና ፍሬውን ከገለባው ለይቶ በአንድ ገጽ ያቀርብላቸዋል። የከተማው ክሊኒክ የሚከፈተውም የሚዘጋውም በዚያች ገጽ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ሰውየው በዚህ ችሎታው ይኮራ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ይንጠባረርም ነበር።

አምና አንዲት ተመራማሪ ሁለት ዓመት የለፋችበትን ጥናት ላከች። ቀደም ሲል በሁለት ሰፈሮች ትንንሽ ክሊኒኮች ተዘግተው ሥራቸው ወደ አንድ ትልቅ ጤና ጣቢያ ተጠቃልሎ ነበርና፣ ሰዉ ምን እንደሚል ጠይቃ ነበር። ከአሥሩ ዘጠኙ «አሁን ይሻላል» ብሏል። ሐኪም አለ፣ ላቦራቶሪ አለ፣ መድኃኒትም አይጠፋም። «አንድ ገጽ» ይህን ሁሉ አሳምሮ ጻፈና መጨረሻው ላይ ሲደርስ ሦስት መስመር ወደ ሁለተኛው ገጽ ተንሸራተተበት። መስመሮቹ «የጥናቱ ውስንነት» ከሚለው ክፍል የቀዳቸው ነበሩ። ፊደሉን አሳነሰ፤ ኅዳጉን አጠበበ፤ እነሱ ግን እምቢ አሉ። የምሳ ሰዓት ደርሶ ጓደኞቹ በር ላይ ቆመው ይጣራሉ። «ደግሞ ውስንነት የሌለው ጥናት የት አለ!» ብሎ ሦስቱንም ሰረዛቸው። ገጿ ልክክ አለች። እሱም ሄዶ ምሳውን ጥርግ አድርጎ በላ።

በሁለት ወር ውስጥ የሦስት ሰፈር ክሊኒኮች ተዘጉ። ከሦስቱ አንዱ እሱ ያደገበት ሰፈር ነው። እናቱ ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው አክስቱ ዛሬም እዚያው ትኖራለች፤ ስኳር አለባት፣ ግራ እግሯ ላይም አልድን ብሎ እልህ የተጋባት ቁስል ነበር። ያን ሰሞን ሊጠይቃት ሄዶ «ከእንግዲህ በነርስ ሳይሆን በሐኪም ነው የምትታዪው» ብሎ አብስሯት ነበር። እሷም «እሰይ የኔ ልጅ፣ እንኳን ተማርክልኝ» ብላ መረቀችው።

ክሊኒኩ በተዘጋ በዘጠነኛው ወር የአክስቱ ጎረቤት ደወለች። ሆስፒታል ሲደርስ ስድስት አልጋ ያለበት ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር አገኛት። ግራ እግሯ በፋሻ ተጠቅልሏል። ሁለት ጣቶቿ ተቆርጠዋል።

«አትደንግጥ፣ አሥር ነበሩ፣ ስምንት ቀሩ» አለችው፤ ልትስቅም ሞከረች።

«እትዬ፣ ምን ሆነሽ ነው እዚህ እስክትደርሺ ዝም ያልሽው?»

«ስንፍና ነዋ! ጥፋቱ የኔ ነው። ያቺ እጇ ቀላል ነርስ ማዶ ሳለች በየሁለት ቀኑ እየሄድኩ አስጠርግ ነበር። ከተዘጋ ወዲህ ሁለት ታክሲ ነው። ሁለት ጊዜ ሄድኩ። በሦስተኛው ስሳፈር አንዱ ቁስሌን ረገጠኝና ዓለም ዞረብኝ። ከዚያ በኋላ እቤቴ በጨው ውኃ እያጠብኩ ተቀመጥኩ። ዶክተሩም ‹እንዴት እንዲህ ቸል ይባላል?› ብሎ ተቆጣኝ። እውነቱን ነው።»

«ለኔስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ ሥራ ይበዛብሃል።» ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። «ደግሞ ያመጣው ያንተው መሥሪያ ቤት ነው። እኔ ካማረርኩ አንተን ማሳጣት ይሆናል ብዬ ነው።»

እሱን ላለማሳጣት እግሯን ደብቃ ተቀምጣለች!

«ይልቅ ስማኝ» ብላ እጁን ያዘችው። «ሰፈሩ ክሊኒካችን ይመለስልን ብሎ ፊርማ እያሰባሰበ ነው። ማመልከቻውን አንተ ትጽፍልናለህ። ‹በጥናት ነው የተዘጋው› አሉን። ማንን እንዳጠኑ እንጃ፤ እኔን እንኳ የጠየቀኝ የለም።»

ንገራት ንገራት አለው፤ እሱ ግን ብርድ ልብሷን አስተካከለ፣ ውኃ ቀዳላት፣ እንደገና ብርድ ልብሷን አስተካከለ። «እጽፋለሁ» ብሎ ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ በራሱ አፈረ።

በማግስቱ ኃላፊዋ አስጠሩት። «ሐሙስ ሌሎች አራት ክሊኒኮች እንዲዘጉ ይወሰናል። የአምናዋን ገጽ ቀኗን ቀይረህ አምጣልኝ» አሉት።

ወንበሩ ላይ ተመልሶ ጥናቱን ከፈተ። ሦስቱ መስመሮች ገጽ መቶ አሥራ ስምንት ላይ፣ ጥሏቸው እንደሄደ ቁጭ ብለዋል። ደጋግሞ አነበባቸው። መሰረዙን ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ዓይኑን በጨው አጥቦ «ጥናቱን በድጋሚ ስመረምረው ያገኘሁት» ብሎ ቢያስገባቸው ምስጋናም ሊያገኝበት ይችላል። ይህን ሐሳብ ሙሉ ቀን ይዞት ዋለ፤ አልወደደውም፣ ግን አልጣለውምም። የለቀቀው ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ አንዲት አሮጊት ለመሳፈር ሲታገሉ አይቶ ነው።

ሐሙስ ሁለት ገጽ ይዞ ገባ።

«ምን ጉድ ነው? አንድ ገጽ መንታ ወለደ?» አሉ ኃላፊዋ። ስብሰባው ሳቀ።

«ሁለተኛው ላይ ያለው ሦስት መስመር ብቻ ነው። ላንብበው» አለና አነበበ።

ኃላፊዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይሄ አምና የት ነበር?»

«ጥናቱ ውስጥ ነበር። ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«ለምን ብለህ?»

«ከገጹ ተርፎብኝ ነው።»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና «ሁለተኛ ገጽ ብታመጣልኝም አላነበውም ነበር» አሉ፤ ማንን እንደሚወቅሱ ግን አልለየላቸውም። ቤት ለቤት ተዞሮ እስኪጠየቅ ድረስ አራቱ ክሊኒኮች እንዳይነኩ ተወሰነ። አምና የተዘጉትስ ብሎ ሲጠይቅ ሕንፃዎቹ ለሌላ መሥሪያ ቤት ተሰጥተዋል ተባለ። «እናየዋለን» አሉ ኃላፊዋ። እዚያ ቤት «እናየዋለን» ማለት ምን እንደሆነ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ከሰዓት በኋላ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው፤ ልክ አንድ ገጽ ነበር።

ከዚያው በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሄደ። አክስቱ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች።

«ማመልከቻውን ጻፍክ?»

«እትዬ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። የኔ ነው» አለና ከምሳ ሰዓቱ ጀምሮ አንድም ሳያስቀር ነገራት። ትረግመኛለች ብሎ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ። ብትረግመው ይሻለው ነበር።

«ሦስት መስመር?» አለች።

«ሦስት መስመር።»

«ይዘኸዋል? አንብብልኝ።»

ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። «መጠይቁን የሞሉት ትልቁ ጤና ጣቢያ ውስጥ ያገኘናቸው ሰዎች ናቸው። መንገዱ ርቋቸው መምጣት ያቆሙትን፣ በተለይም ቁስላቸውን በየሁለት ቀኑ የሚያስጠርጉ አረጋውያንን፣ ይህ ጥናት አላገኛቸውም። ቤታቸው ተሄዶ ሳይጠየቁ ሌላ ክሊኒክ እንዲዘጋ አንመክርም።»

«በየሁለት ቀኑ ነው ያለችው?»

«አዎ።»

«እኔን እኮ ነው!» ፊቷ ለቅጽበት በራ። «ልጅቷ ታውቀኛለች እንዴ?»

«አታውቅሽም እትዬ።»

«ሳታውቀኝ ነው እንዲህ ያሰበችልኝ?» ወረቀቱን ተቀብላ ማንበብ እንደምትችል ሁሉ ትክ ብላ አየችው። ከዚያ አጣጥፋ ትራሷ ሥር ከተተችው።

«አንተ ግን ታውቀኛለህ» አለችው። ቁጣ አልነበረባትም።