በመክሊትና በማስተዋል መካከል

አያ ዘውዱ ከገሳይ የመጡት የወንድማቸውን ልጅ መክሊትን ከትምህርት ቤት አስወጥተው ሊወስዷት ነው። አብሯት ይማር የነበረውን ወንድሟን ዋልልኝን ደራሽ ውሃ ከወሰደው ወዲህ ልጅቱ ቃል አልተነፈሰችም።

«ዝም ብላ ለምትቀመጠው እኔ ዘንድ ትቀመጥ። ቢያንስ ጥጃ ትጠብቅልኛለች» አሉ ከክፍሉ ደጃፍ ቆመው።

«ይችን ክፍለ ጊዜ ብቻ ይታገሱኝ፣ አያ ዘውዱ» አለች መምህርት ፈንታነሽ። እልኸኛ ናት፤ ልጅቱን ቃል ሳታስተነፍስ ላትለቃት ምላለች።

የዕለቱ ትምህርት ሙቀት ነው። ሰባተኛ ክፍሎቹን ትከሻ ለትከሻ አሰለፈቻቸው።

«እናንተ የአንድ ድንጋይ ቅንጣቶች ናችሁ። ድንጋዩ ዝም ያለ ቢመስልም ቅንጣቶቹ ባሉበት ይንቀጠቀጣሉ። ሲሞቅ ደግሞ ይብስባቸዋል። በሉ፣ ትከሻችሁን አንቀጥቅጡ፤ እሳት ላይ ጥጄያችኋለሁ።»

ማንም አልተነቃነቀም።

«ምነው፣ ደነዘዛችሁ?»

«እስክስታ ሆነብን፣ ቲቸር» አለ አስናቀ ጫማውን እያየ። «የዋልልኝ አርባው ገና ነው።»

የፈንታነሽ ጆሮ ጋለ። ሐዘን ላይ ትከሻ እንደማይመታ እንዴት ጠፋት? ደግሞ አሁን ነው ያየችው፤ በመክሊትና በጎኗ በተሰለፈችው በማስተዋል መካከል አንድ ሰው የሚያቆም ቦታ ትተዋል። ተጠጉ ብላቸው ነበር፤ አልተጠጉም።

«እንግዲያው እንደ ለቅሶ ሁኑልኝ» አለች።

መክሊት ደረቷን መታች፣ ቀስ ብላ። ማስተዋል ተከተለቻት። ሰልፉ ሁሉ ግራ ቀኝ ይወዛወዝ ጀመር። «እሳቱን ጨመርኩ» ስትል ፈጠኑ፤ እንደገና ስትል ባሰባቸው። መስኮቱ በትንፋሽ ጉም ለበሰ። ወደዚያች ባዶ ቦታ ግን ማንም አልገባም። ወደሷ ሲያዘነብሉ ሰው የነካቸው ይመስል ከጫፏ ይመለሳሉ።

«በቃ» ስትላቸው ቆሙ።

መክሊት መዳፏን ወደ ባዶው ቦታ ዘረጋች። «ይሞቃል» አለች።



«የሞቀ ነገር ይንቀሳቀሳል ብለውናል፣ ቲቸር።»

«ብያለሁ።»

«ከውሃው ሲያወጡት በረዶ ነበር። እኔ ዳስሼዋለሁ። አሁን ሞቋል።»

ሙቀቱ ግራና ቀኝ ከቆሙት ልጆች ገላ የመጣ መሆኑን ፈንታነሽ ታውቃለች። ይህንኑ ልትናገር አፏን ከፈተች። አያ ዘውዱ በሩ ላይ ናቸው። እውነቱን ከተናገረች ልጅቱ ተመልሳ ዝም ትላለች፣ ገሳይም ትወርዳለች።

«አዎ፣ ሞቋል» አለች።

«አልሄድም፣ አጎቴ» አለች መክሊት። «ይኸው እዚህ አለ።»

አያ ዘውዱ አማተቡና ብቻቸውን ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ መክሊት ታወራለች፣ ትጽፋለች፣ ትስቃለች። ስትስቅ ግን ፊቷን የምታዞረው ሰው ወደሌለበት ነው። ፈንታነሽ ነገ እነግራታለሁ ስትል ሰነበተች። አንድ ማለዳ ልጆቹ ሳይመጡ፣ ቦታው ባዶ መሆኑን ራሷን ልታሳምን ብላ ክፍሉን ከፈተች። ግድግዳው፣ ወንበሩ፣ ጠመኔው ሳይቀር ቆፈን ይዞታል። ልጆቹ ተሰልፈው ወደነበሩበት ሄዳ እጇን ዘረጋች።

መዳፏን ሲሞቃት ወዲያው ሰበሰበችውና ነጠላዋ ውስጥ ደበቀችው። ለመክሊት እስከ ዛሬ ምንም አልነገረቻትም።