በብርቱካን ፋንታ

«ይዘኸው ውጣ አልኩህ እኮ!» አገሬ ፖስታውን በጠረጴዛው ላይ ወደ መሳፍንት መልሳ ገፋችው።

«ቆይ፣ ምን አጠፋሁ?» መሳፍንት ጃኬቱን እንኳ ገና አላወለቀም። «ብርቱካን እንዳላመጣ ሰውየው ስኳር አለበት። ሙዙም ስኳር፣ ጁሱም ስኳር። አበባ ይዤ ብመጣ ደግሞ ሞተ እንዴ ትይኛለሽ። ሶ፣ ስክራች ሎተሪ አመጣሁለት። እንደሚወድ አውቃለሁ፤ በብሬክ ሰዓት አብረን ነው የምንፍቀው።»

«አብራችሁ?»

«አልፎ አልፎ ነዋ! ለጨዋታ።»

መልከጸዴቅ ሶፋው ላይ ሚስቱ አገሬ ያለበሰችውን ብርድ ልብስ እስከ ደረቱ ስቦ፣ ድምፁ የተዘጋውን ቴሌቪዥን ያያል። መሳፍንት አልዋሸም። ኬንት ከተማ በሚገኘው መጋዘን ሁለቱም ዕቃ የሚያነሣ ፎርክሊፍት ይነዳሉ። መሳፍንት በእረፍት ሰዓት አንድ ቲኬት ይፍቅና ስቆ ወደ ሥራው ይመለሳል። መልከጸዴቅ ግን ከሥራ ሲወጣ ይጀምራል።

በታመመበት ቀን መኪናው ውስጥ ኢንሱሊኑን ተወጋና የሚበላ ነገር ሊገዛ ሱቅ ገባ። የሚበላ አልገዛም። ከሎተሪ ማሽኑ አጠገብ ቆሞ አንዱን ፍቆ ሌላ ሲገዛ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከጉጉት መሰለው። ላብ ሲያጠምቀውም ከጉጉት መሰለው። አምቡላንስ ሲያነሣው ጥፍሮቹ ውስጥ የቲኬቱ ብናኝ ነበር። አገሬ ሆስፒታል አልጋው አጠገብ ተቀምጣ አንድ በአንድ በእርጥብ ጨርቅ አጸዳችለት። ለጠያቂ ሁሉ «ስኳሩ ወርዶበት ነው» ትላለች። ውሸትም አይደለም።

ከሆስፒታል ሲመለሱ መኪና ውስጥ የተናገረው እሱ ነበር። «አንዲት ቲኬትም ብትሆን ዓይኔ ሥር እንዳትደርስ። ከጀመርኩ አልመለስም፤ ራሴን አውቀዋለሁ። የዛሬ ሳምንት ሥራም ቤትም የሌለኝ ሰው ልሆን እችላለሁ።»

«እኔ እጠብቅሃለሁ» ብላዋለች።

አሁን እየጠበቀችው ነው።

«አገሬ ልጄ፣ ኧረ ነውር ነው» አሉ እትዬ የውብዳር። አሮጊቷ ከላይኛው ፎቅ ወርደው ከጠዋት ጀምሮ ሲያስታምሙ የዋሉ ናቸው። «ለበሽተኛ የመጣ ነገር እንዴት ከቤት ይመለሳል? እንኳን ወረቀት፣ ጠጠር ቢያመጣ እግዜር ይስጥልን ተብሎ ነው የሚቀበሉት።»

«እርስዎ አላወቁም፣ እትዬ።»

«ምኑን ነው ያላወቅሁት?»

አገሬ ወደ ባሏ ዞረች። ልናገር? ነው ዓይኗ የሚለው። ራሱን በአዎንታ ቢነቀንቅላት ይበቃ ነበር። ግን መሳፍንት ሰኞ መጋዘኑን ሁሉ ያዳርሰዋል፤ እትዬ የውብዳር ነገ ቅዳሴ ላይ «ጸልዩለት» ብለው ለማኅበሩ ያወሩታል። መልከጸዴቅ ዓይኑን ወደ ብርድ ልብሱ መለሰ።

«ምንም» አለች አገሬ። «ምንም አይደለም።»

«እንግዲያው ሁላችንም ሆነን እንፋቀው» አሉ እትዬ የውብዳር፤ ወንበራቸውን እየሳቡ። «ለመድኃኒቱ ይሆን ይሆናል።»

«ገላገሉኝ፣ እትዬ! እኔማ ፖሊስ ልትጠራብኝ ነው ብዬ ነበር።» መሳፍንት ቲኬቶቹን ከፖስታው ዘረገፋቸው፤ ከኪሱ ሳንቲም አውጥቶ ወደ ሶፋው ዘረጋ። «በል ጌታዬ፣ ዲቪ የደረሰው እጅ ይጀምር!»

የመልከጸዴቅ እጅ ከብርድ ልብሱ ሥር ወጣ። ሳንቲሙን ሳይነካ አገሬ መነጨቀችው።

«እሱ ይረፍ። እኔ እፍቃለሁ።»

ልታድነው እንደሆነ ገባው። አፈረ፤ ቀለል አለውም።

አገሬ በዕድሜዋ ሎተሪ ፍቃ አታውቅም። የመጀመሪያውን እንደ ድስት ፈገፈገችው። ምንም የለውም።

«አያችሁ?» አለች ደስ እንዳላት። ሁለተኛውን ጀመረች። «ይሄ ምንድን ነው? ከላይ ካለው ቁጥር ጋር ከገጠመ ነው?»

መሳፍንት አንገቱን አሰገገ። «ገጠመ! ሃያ ዶላር! አንቺ ሴትዮ፣ አሁን ልታባርሪኝ አልነበር?»

እትዬ የውብዳር እልል አሉ። አገሬ ሳቀች። መልከጸዴቅ ከታመመ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አልሰማትም፤ ደስ ሊለው ይገባ ነበር።

«በይ ሦስተኛውን ለእኔ» አለ መሳፍንት።

«ቆይ፣ ቆይ፣ አትንካኝ።» እጁን በክርኗ ገፋችው። ጎንበስ ብላለች። የምላሷ ጫፍ ከከንፈሯ ዳር ወጥቷል፤ አንገቷ ደርቋል። እትዬ የውብዳር አንድ ነገር ጠየቋት፤ አልሰማችም። መልከጸዴቅ ይህን ጎንበስ ማለት ያውቀዋል። ከውጭ ሆኖ ሲያየው ግን የመጀመሪያው ነው።

ከዚያ የገዛ እጁን አየ። አውራ ጣቱ የብርድ ልብሱን ጠርዝ ይፍቃል።

ብርድ ልብሱን አጥፎ ሶፋው ላይ አስቀመጠ። ሦስቱም ራሶች ጠረጴዛው ላይ ተደፍተዋል። በሩ አጠገብ ጫማውን ከእንግዶቹ ጫማ መሀል ለይቶ አጠለቀ፤ ጃኬቱን ደረበ። ኪሱን ዳሰሰ። ስኳሩ ሲወርድ እንዲወስደው ሐኪሙ የሰጠው ክኒን አለ፤ ቦርሳውም አለ። ቲኬት መግዣ እንዳይኖረው የገንዘብ ቦርሳውን አውጥቶ ጫማ መደርደሪያው ላይ አኖረው።

«ኦኬ፣ ይሄኛው ባዶ ነው» አለ መሳፍንት። «ግድ የለም፣ ይቀጥል!»

«አንድ ብቻ ነው እንዴ የቀረው?» አለች አገሬ።

መልከጸዴቅ ደጅ ወደሚወርደው ካፊያ ወጣ፤ በሩንም እንዳይጮኽ በቀስታ ሳበው።