የተራቡት ከረጢቶች

ልጄ ዮርዳኖስ እንጉዳዮቿን መርሳ ወዳለው ቤታችን ያመጣችው ወልድያ ዩኒቨርሲቲ መብራት እየጠፋ ስላስቸገራት ነው። የእንጉዳይ ዘርና የጤፍ ጭድ የሞላቻቸውን ከረጢቶች ጨለማው ጓዳ ውስጥ ሰቀለቻቸው። ለግማሾቹ ምግብ እንዲሆናቸው የኑግ ፋጉሎ ቀላቀለችላቸው፤ ግማሾቹን በባዶ ጭድ ተወቻቸው። የመመረቂያ ጥናቷ ነበር።

«እንጉዳይ ናይትሮጅን ሲያጣ የትኞቹ ዘረመሎቹ እንደሚነቁ ነው የማየው» አለችኝ። «ዘሩ ይኼው ነው፣ እማዬ። ከተበላሸ ሌላ የለኝም። በጦርነቱ የባከነው ጊዜ ሳያንስ ከትምህርቱም እወጣለሁ።»

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አይጥ ይገባል፣ ጣራው ያፈሳል እያልኩ ጓዳውን ስጠብቅ ባለቤቴ ሞገስ ይስቅብኛል።

«አንቺማ ሲደምን ጎርፍ፣ ሲገለጥ ድርቅ ነው የሚታይሽ!»

ናሙናው ሐሙስ ሊወሰድ ነበር፤ ማክሰኞ ዮርዳኖስ የበረዶ ሳጥን ልታመጣ ሄዳ ወልድያ አደረች። በማግስቱ የጓዳውን በር ስከፍት የሰነበተ የከብት ሽንት የሚመስል ሽታ ዓይኔን አቃጠለው።

«ሞገስ! ምን አደረግህ?»

«ከማሽላው የተረፈችውን ዩሪያ በጥብጬ አጠጣኋቸው» አለ ደስ ብሎት። «የሳሱትን ብቻ ነው። አንዱን ልጅ አብልቶ ሌላውን ማስራብ ነውር አይደለም እንዴ?»

አይጡን ፈርቻለሁ፤ ዝናቡን ፈርቻለሁ። የአባቷን ርኅራኄ ግን አልፈራሁም ነበር።

ዮርዳኖስ ሳጥኑን ታቅፋ መጣች። ሽታው በራፉ ላይ አቆማት።

«እንዲራቡ ነበር የፈለግኩት፣ አባዬ» አለች ቀስ ብላ። «ሲርባቸው የተዘጋውን ዘረመል ከፍተው ጭዱ ውስጥ የተደበቀውን ናይትሮጅን ይፈልጋሉ። ዝግጁ ምግብ ሲያገኙ መልሰው ይዘጉታል። ይኼ ደግሞ በዝቶ ፈጃቸው።»

«ባጥባቸውስ?» አለ ሞገስ።

«የሸረሪት ድር የመሰለ የእንጉዳይ ክር ይታጠባል?»

«የጠገቡቱ አሉልሽ አይደል?»

«ከምን ጋር ላስተያያቸው?»

ሞገስ ወደ እኔ ዞረ። ዩሪያውን የበጠበጠበትን ባልዲ አንስቼ ወጣሁ።

ናሙናው ሊወሰድበት በነበረው ሐሙስ ጠዋት ልጄ ከአባቷ ጋር ማሽላ ልታርም ወረደች። ቁርስ ይዤላቸው ስደርስ አስፋልቱ ዳር ሚኒባስ ቆሞ ረዳቱ «ወልድያ! የቀረው አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። ሞገስ ቀና ብሎ አያት። እሷ እንዳጎነበሰች አረሟን ትነቅላለች።